ሦስት ጥይት አይታመንም

ጥይት በእጅ መሙላት የለመድኩት ኮሎራዶ ስኖር ነው። አሁን ሱሉልታ ነኝ። ጠመንጃውም፣ የጥይት መሙያ ፕሬሱም፣ ባሩዱም እዚያው ቀርተዋል። ከነገሩ ግን አልወጣሁም፤ የእህቴ ልጅ አላስወጣኝም። እዚያው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የሚኖረው። ቦልት አክሽን (መዝጊያው በየተኩሱ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ) ጠመንጃ ገዝቶ፣ የአደን ፈቃድ አውጥቶ፣ ጥይቱንም ራሱ መሙላት ጀምሯል። እሱ ይሞላል፣ ይተኩሳል፣ የተበሳሳውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ ሱሉልታ ቁጭ ብዬ እፈርዳለሁ። ለበዓል ሲመጣ ደግሞ ወረቀቶቹን ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ይዞ ይመጣል። እንደ እሱ ያሉ የእኛ ልጆች ውጭ አገር እየበዙ ነው። ለእነሱ ይጠቅም እንደሆነ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት ሕጉ። እዚህ አገር ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት የሚባል ነገር የለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ መያዝን ራሱን በፈቃድ አስሮታል። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ደግሞ ወንጀል ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ለእውቀት ያህል አንብቡት። ከውጭ የምትመጡም ባሩድ ይቅርና ባዶ ቀልሃ እንዳትይዙ። «ባዶ እኮ ነው» የሚል መልስ ቦሌ ላይ አያዋጣም።

አሜሪካ ውስጥ ለራስ መሙላት በፌዴራል ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም። ለመሸጥ ከሆነ ግን ይጠይቃል። የየስቴቱን ሕግ ደግሞ ለየብቻ ማየት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በአብዛኛው አይችልም፣ ያሉት ልዩ ሁኔታዎችም ጥቂት ናቸው፤ እዚህ ላይ ጓደኛ ሳይሆን ጠበቃ ጠይቁ። ኮሎራዶ ውስጥ ለማደን እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአደን ትምህርት የወሰደበት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ኮርሱን አትናቁት። ጠመንጃ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ከዚያ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ቀልሃ፣ ባሩድ፣ በአፈሙዝ የምትወጣው አረር፣ እና ቀልሃው ቂጥ ላይ የምትገባው ትንሿ መለኮሻ፣ ፕራይመር የሚሏት። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፣ ቀልሃው ይቀራል። መሙላት ማለት ያንን ቀልሃ ወደ ልኩ መልሶ ሦስቱን በአዲስ መተካት ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለአንድ ጥይት የሚወጣው ወጪ ይቀንስ ይሆናል። ግን የሚሞላ ሰው ከማይሞላው በብዙ እጥፍ ይተኩሳል፣ ወር ሲያልቅ ሂሳቡ ያው ነው። የሚሞላው ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ጥይት አንድ ዓይነት ይሆንለታል፣ ለገዛ ጠመንጃው በርሜልም የሚስማማውን ይመርጣል። እኔ እስካየሁት ድረስ ደግሞ ከሁለቱ የበለጠ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። «ምስጢራዊ ልክ»፣ ማለትም ተአምረኛ የባሩድ መጠን፣ ፍለጋ የሚባዝነው ሰው ብዙ ነው። አንድ ዓይነት ማድረግ ላይ የሚደክመው ግን ጥቂት ነው።

ጎረቤታችን አባባ ያባታቸውን ቤልጅግ አስመዝግበው የያዙ ሰው ናቸው። የእህቴ ልጅ በረንዳ ላይ ወረቀቶቹን ሲዘረጋ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። «ይሄ ሁሉ ጥይት ወረቀት ላይ አለቀ?» አሉት መጀመሪያ ቀን። በእሳቸው ዘመን ጥይት ይቆጠራል። በአያቶቻቸው ዘመን ደግሞ ገንዘብ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአሞሌ ጨው ጎን ጥይትም ገበያ ላይ መገበያያ ነበር። «ባዶ ቀልሃም አይጣልም፣ መልሶ የሚሞላ ሰው ነበር» ይላሉ፣ ካባታቸው ሰምተው። እንግዲህ የእህቴ ልጅ የሚሠራው ሥራ ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ካሊፐሩ (የርዝመት መለኪያው) እና ሚዛኑ ነው።

ጠመንጃውን ሳታዩ ባሩድ አትንኩ። ይህን በደማቁ ጻፉት። የልጁ የመጀመሪያ ወረቀቶች ሲመጡ ቀዳዳዎቹ እንደ ጨው ተበትነዋል። እሱ ባሩድ ልቀይር ይላል። እኔ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣ ጥሩ የኢላማ ጥይት አንድ ፓኬት ገዝተህ ተኩስ አልኩት። እሱም ተበተነ። ጥፋቱ ታዲያ ከጥይቱ ሊሆን አይችልም። ቴሌስኮፑን ሱቅ ነበር ያስገጠመው፤ የፊተኛው መቀመጫ ብሎን ላልቶ ተገኘ። በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ሲጠብቅ ግማሹ ችግር በዚያው ቀን ጠፋ። ስለዚህ የቴሌስኮፑን ብሎኖች፣ ጠመንጃውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች፣ በርሜሉ እንጨቱን ይነካ እንደሆነ አይታችሁ ጀምሩ። ጠረጴዛው አይነቃነቅ። ከፊት ጠንካራ ድጋፍ፣ ከሰደፉ ስር የአሸዋ ከረጢት ይኑር። ትከሻችሁ ላይ ያለው ጫና በየተኩሱ አንድ ይሁን። ምላጩንም በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መጫን እንጂ መንጨቅ የለም። ይህ ሳይስተካከል ጥይት መሙላት ብር ማቃጠል ነው።

ልጁ የያዘው .308 ዊንቸስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ፣ ለጀማሪ የማያስቸግር የጥይት ዓይነት። የፋብሪካ ጥይቱ በየቦታው አለ፣ የመሙያ መረጃውም እንደዚያው። ምሳሌዬ ሁሉ ከዚህ ላይ ነው።

ቀልሃ ላይ ጊዜ አጥፉ። አንድ ፋብሪካ የሠራውን፣ ቂጡ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ለይታችሁ ያዙ። ከተኩስ ሜዳ የተለቃቀመ ድብልቅ ቀልሃ ለልምምድ ይሆናል፣ ለኢላማ አይሆንም። የወታደር 7.62 በ51 ቀልሃ በአብዛኛው ግድግዳው ወፈር ይላል፣ ውስጡ ይጠባል። ያው ባሩድ እዚያ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ይጨምራል። ማደባለቅ አደጋ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቀልሃ ሲተኮስ ይነፋና የቻምበሩን (ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜል ክፍል) ቅርጽ ይይዛል። ፕሬሱ ላይ ባለው ዳይ (የቀልሃ ቅርጽ ያለው የብረት ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ሲገፋ መልሶ ይጠባል። ከመግፋታችሁ በፊት ቅባት መቀባት ግዴታ ነው፤ ያልተቀባ ቀልሃ ዳይ ውስጥ ተጣብቆ ይቀርና ሲያስለቅሳችሁ ይውላል። ዋናው ብልሃት ግን ምን ያህል መግፋት እንዳለባችሁ ማወቅ ነው። ከዳዩ ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ግፋ ይላል። ለቦልት አክሽን ይህ ይበዛል። የተተኮሰውን ቀልሃ ትከሻ (ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ) በመለኪያ ለክታችሁ ከዚያ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ይመለስ። ከዚያ በላይ በየጊዜው የሚገፋ ቀልሃ በየተኩሱ ይለጠጣል፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል። ከውጭ የምታበራ ቀለበት መሰል መስመር ካያችሁ ያንን ቀልሃ ጣሉት። መጣሉ አያሳዝናችሁ።

የተለጠጠ ቀልሃ ይረዝማልም። ለ.308 ከፍተኛው ርዝመት 51.18 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 50.93 ይቆረጣል፣ ከዚያ አፉ ከውስጥም ከውጭም ይላጋል። ሳይቆረጥ ከቀረ የቀልሃው አፍ ቻምበሩ ውስጥ አረሩን አንቆ ይይዛል፣ ግፊቱም ሳታስቡት ይወጣል። የሚያሰለች ሥራ ነው። እኔ ራዲዮ ከፍቼ ነበር የምሠራው። ባሩድ ስመዝን ግን ራዲዮም፣ ስልክም፣ ወሬም የለም።

ፕራይመር በእጅ መሣሪያ ሲገባ ጣት ይሰማዋል። እስከ ታች ወርዶ ከቀልሃው ቂጥ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። በጣም ልል ብሎ ከገባ ቀልሃው አርጅቷል ማለት ነው። ሲገባ መነጽር አድርጉ።

አሁን ባሩድ። የልጁን ልክም የእኔንም ልክ እዚህ አልጽፍም። ንፉግ ሆኜ አይደለም። ለአንድ በርሜል ደህና የሆነ ልክ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል። ከሰው አፍ፣ ከቴሌግራም ግሩፕ፣ ከዩቲዩብ ልክ አትውሰዱ። የአረሩ ወይም የባሩዱ ፋብሪካ ያወጣውን ማኑዋል ግዙ። ከማኑዋሉ ዝቅተኛ ቁጥር ጀምሩ። ከፍተኛው ብቻ ከተጻፈ 10 በመቶ ቀንሳችሁ ጀምሩ። ፕራይመሩም፣ አረሩም፣ ቀልሃውም ማኑዋሉ እንዳለው ይሁን፤ አንዱ ሲቀየር እንደገና ከታች ነው።

ሚዛኑ የሚለካው በግሬን ነው። 1 ግሬን 0.0648 ግራም ነው። ሚዛኑ እስከ 0.1 ግሬን ካሳየ ለአደን ከበቂ በላይ ነው። በ.308 ላይ 0.1 ግሬን ፍጥነትን ቢቀይር ቢቀይር ሰከንድ ላይ 2 ሜትር ገደማ ነው። ፍሬ በፍሬ በወረንጦ ባሩድ የሚቆጥሩ ሰዎች አይቻለሁ። ደስ ካላቸው ይቁጠሩ። ይልቅ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ማራገቢያና ንፋስ አይወድም። በየመሐሉ በመፈተሻ ክብደት ካልታየ ሳይታወቅ ይሸሻል፣ የምታምኑት ቁጥርም ውሸት ይሆናል።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ቆርቆሮ ብቻ ይቀመጥ። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ወደ ራሱ ቆርቆሮ ይመለስ። ሁለት ባሩድ በዓይን አይለይም፣ ስህተቱ ደግሞ ጠመንጃ ያፈነዳል። ሞልታችሁ ስትጨርሱ አረር ከመግባቱ በፊት ቀልሃዎቹን በሙሉ በባትሪ ብርሃን እያያችሁ ከፍታቸው እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ለ.308 ቀልሃውን ሞላ የሚያደርግ ባሩድ መምረጥ አንድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ በስህተት ሁለቴ ቢገባ ሞልቶ ይፈሳልና ወዲያው ታዩታላችሁ። ሲጋራ እዚያ ክፍል ውስጥ አይታሰብ። ልጆች ካሉ በሩ ይቆለፍ። እርሳስ ያለበት ነገር ስለሆነ ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ። እኛ ደግሞ በእጅ ነው የምንበላው።

ከታች ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ ስትወጡ የምትፈልጉት ምርጥ ግሩፕ (ወረቀት ላይ የተጠጋጉ ቀዳዳዎች) አይደለም። ጠመንጃችሁ ደህና ሆኖ እስከ የት እንደሚሄድ ነው። በየልኩ አንድ አንድ ጥይት ይበቃል። መዝጊያው ሲከፈት ይከብዳል? ቀልሃው ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ምልክት አለ? ፕራይመሩ ጠፍጥፏል? ቁሙ። የአረሩ ፍጥነት መለኪያ ማኑዋሉ ለከፍተኛው ልክ ከጻፈው በላይ ካሳየም ቁሙ፣ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ። የ.308 የግፊት ጣሪያ በአሜሪካኖች መለኪያ 62,000 ፒኤስአይ ነው። ቀልሃው ላይ ምልክት የሚታየው ብዙ ጊዜ ጣሪያው ከታለፈ በኋላ ነው። «ምልክት ስላላየሁ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ዕድሉን እየፈተነ ነው። ድምፁ ፍስስ ብሎ ቢወጣ ደግሞ ሌላ ጥይት እንዳታጎርሱ። አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ አውርዳችሁ በበርሜሉ ውስጥ እዩ።

አሁን ርዕሴ ያደረግኩት ነገር ላይ ደረስኩ። ልጁ አንድ ጊዜ የላከልኝ ወረቀት ላይ በየ0.3 ግሬን ልዩነት የተሞሉ ጥይቶች ነበሩ፤ በየልኩ ሦስት ሦስት። አንደኛው ልክ ሦስቱን ቀዳዳ አነካክቶ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አስገብቷል፣ በ100 ሜትር። ጎኑ ያለው 4 ሴንቲ ሜትር ነው። «ጋሼ፣ አገኘሁት!» አለኝ። በድምፅ መልእክት ነው፣ ደስታው ይሰማል። «ያንኑ ልክ አሥር ሞልተህ ተኩስና ላክልኝ» አልኩት። ቅር አለው። አሥሩ ሲመጡ 3.6 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። ልጁ «አልመታም» ያለው፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሰፋው ልክ ደግሞ በአሥር ሲተኮስ 3.8 ሆነ። በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት አልነበረም ማለት ነው።

ሳንቲም ወርውራችሁ ሦስቴ ጎፈር ቢወጣ ሳንቲሙ ጎፈር ብቻ ነው አትሉም። ሦስት ጥይትም እንደዚያው ነው። ሂሳቡ ራሱ ይታወቃል፤ ጥይቱም፣ ጠመንጃውም፣ ተኳሹም ምንም ሳይለወጡ የ10 ጥይት ግሩፕ ከ3 ጥይት ግሩፕ በአማካይ 1.6 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ያ በአማካይ ነው። አንዳንዱ የሦስት ጥይት ግሩፕ በዕድል ግማሽ ይሆናል፣ አንዳንዱ እጥፍ። እናንተ ደግሞ ከብዙዎቹ ትንሹን መርጣችሁ «ይህ ነው ልኩ» ትላላችሁ። የመረጣችሁት ዕድልን ነው። አንድ ልክ ከሌላው የሚሻለው በአሥርም፣ በሃያም ሲተኮስ ልዩነቱ ካልጠፋ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በአንድ ባሩድና በአንድ አረር ውስጥ ትንሽ ወጣ ትንሽ ወረድ ማለት በርሜሉ ያን ያህል አይገደውም። አረሩን መቀየር ግን ይገደዋል። ባሩዱን መቀየርም አንዳንዴ። ልጁ በትክክል የጠበበለት 168 ግሬን አረሩን ትቶ ሌላ ፋብሪካ የሠራው 165 ግሬን የአደን አረር ሲሞክር ነው። ልክ ማነካካቱን ትቶ አረር ቢቀያይር ኖሮ ስንት ባሩድ በተረፈው።

አባባ ይህን ክርክር ሲሰሙ ቆይተው የሦስቱንና የአሥሩን ወረቀት አንስተው ወደ ብርሃን ያዙ። «ይኼኛው ሰው ለማሳየት ነው፣ ይኼኛው ለማደን» አሉ። እኔ በሂሳብ ሳስረዳ የዋልኩትን እሳቸው በአንድ አፍ ጨረሱት። ጥይት ማባከን ነው የሚለውን አቋማቸውን ግን አልቀየሩም።

አረር ሲባል አንድ ነገር ላንሳ። የሲዬራ ማችኪንግ አረር ለኢላማ ዝነኛ ነው፣ ልጁም በእሱ ነበር የጀመረው። ፋብሪካው ራሱ ለአደን አይመክረውም። ወረቀት ላይ ያማረ ሁሉ አውሬ ላይ አያምርም። አቁስሎ መልቀቅ ነውር ነው። ለአደን የተሠራ አረር ወረቀት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሰፋም እሱኑ ያዙ።

አረሩ ምን ያህል ይግባ? ይህም ትልቅ ወሬ አለው። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ካሉት ጥምዝ መስመሮች ምን ያህል ይራቅ የሚል ነው። እኔ ግማሽ ሚሊ ሜትር አርቄ፣ የጠመንጃው ካዝና ውስጥ መግባቱን አይቼ አልፋለሁ። ካዝናው ካልፈቀደ ደግሞ ካዝናው የፈቀደው ነው። የ.308 ጠቅላላ ርዝመት እስከ 71.37 ሚሊ ሜትር ነው። መስመሩን እንዲነካ የሚያስረዝሙ አሉ፤ ግፊት ስለሚጨምር ለጀማሪ አልመክርም። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር ብዙ የምለው የለኝም፤ ያየሁት ለውጥ ትንሽ ነው።

የፍጥነት መለኪያን ያነሳሁት ለደህንነቱ ነው እንጂ ቁጥሩን ለመፎካከር አይደለም። ልጁ የፍጥነቱ ልዩነት 10 ሜትር በሰከንድ ሆነብኝ ብሎ ተጨንቆ ነበር። በ100 ሜትር ላይ ያ የሚያመጣው የቁመት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ወረቀት ላይ አይታይም። በ500 ሜትር ግን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እና በ500 ሜትር ልትተኩስ ነው? አልኩት። አይ አለ። እንግዲያው እንቅልፍህን ተኛ።

ስለ ሙቀትና ከፍታ ግን ማሰብ አለበት። ብዙ ባሩድ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ሙቀት እንዳያውከው ተብሎ የሚሠራ አለ፣ ቫርጌት አንዱ ነው። በቀዝቃዛ ቀን የግፊቱ ጣሪያ ድረስ የወጣ ልክ በበጋ ፀሐይ ጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል። ጥይቱን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፣ በጋለ ቻምበር ውስጥም ጥይት አጉርሳችሁ አትቆዩ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ የሚያድንበት ተራራ ከዚያ በጣም ይወጣል። አየሩ ሲሳሳ አረሩን የሚጎትተው ይቀንሳል፣ ሩቅ ላይ ከተጠበቀው ከፍ ብሎ ይመታል። እኛ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፤ ባህር ጠረፍ ላይ የተሠራ ሠንጠረዥ እዚህም አይሠራም። በ100 እና በ200 ሜትር ይህ ሁሉ ኢምንት ነው። ከ300 በላይ ለሚያስብ ሰው ግን አደኑ ከሚካሄድበት ቦታ ላይ ማረጋገጥ ነው።

አንድ ልማድ ሳልጠቅስ ብቀር ልጁ ይታዘበኛል፤ ስለ ቀዝቃዛ በርሜል ነው። አደን ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጥይት ብዙም አይገጥምም። የሚቆጠረው በቀዝቃዛ በርሜል የሚሄደው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሜዳ በሄደ ቁጥር የመጀመሪያዋን ጥይት ለብቻዋ በተቀመጠ አንድ ወረቀት ላይ ይተኩሳል፣ ቀኑንና ሙቀቱን ይጽፋል፣ ወረቀቱን ይመልሳል። በሌላ ቀን ያችኑ ወረቀት እንደገና። ቀስ እያለ አንድ ግሩፕ ይሠራል። ያ ወረቀት ስለ ጠመንጃውና ስለ ልጁ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ እውነት ይናገራል፣ ምክንያቱም የተለያየ ቀን፣ የተለያየ ብርሃን፣ የተለያየ ድካም አለበት። አባባ ያከበሩት ወረቀትም ይህ ብቻ ነው።

መቼ ይቆም? ኤልክ የሚሉት ትልቁ አጋዘን ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ከ25 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በ100 ሜትር አሥር ጥይት 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካስገባችሁ ጥይቱ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ ያለው ስፋት ከእናንተ ነው። የተረፈውን ፕራይመር በጠረጴዛ ላይ አትጨርሱት። ተንበርክካችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁ ተኩሱበት። ልጁ በጠረጴዛ 3 ሴንቲ ሜትር የሚያስገባው ጠመንጃ ተንበርክኮ ሲተኩስ 20 ነበር። የትኛው ላይ መሥራት እንዳለበት ግልጽ ነው።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ደብተር ላይ አስፍሩት፤ የቀልሃው ፋብሪካና ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ ፕራይመሩ፣ ባሩዱ፣ አረሩ፣ ርዝመቱ፣ ፍጥነቱ፣ የዕለቱ ሙቀት። በእያንዳንዱ የጥይት ሳጥን ላይም ያው ይለጠፍ። ያልተጻፈበት ሳጥን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጥይት ነው፤ ፈትታችሁ አፍርሱት እንጂ አትተኩሱት። የሌላ ሰው የሞላውን ጥይትም፣ ወንድማችሁም ቢሆን፣ በጠመንጃችሁ አታጉርሱ። የባሩዱ ቆርቆሮ ሲያልቅና አዲስ ስትገዙ ደግሞ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። ቆርቆሮው ላይ ያለውን የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር እዩ። ሎቱ ከተለየ ልኩን ዝቅ አድርጋችሁ በፍጥነት መለኪያው እያያችሁ እንደገና ውጡ። ልጁ አሁን ያለው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ቆርቆሮ አልቆበት፣ አዲሱን ከፍቶ፣ ከታች እየጀመረ ነው።